ከማዶ የተሰማ ለቅሶ

ሰው ሲሞትብህ ሰው ይመጣል። የጠፋብህ ሲመለስም ሰው ይመጣል። ወንድሙ ይሙት ይኑር የማያውቅ ሰው ቤት ግን ጎረቤት ምን ብሎ ይግባ? ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገደል አፋፍ ላይ የገጠመኝን ከመናገሬ በፊት፣ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ኪዳኔ እባላለሁ። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ጫማ ቤት ጀርባ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ አለችኝ። መዝሙርም የሠርግ ዘፈንም እቀዳለሁ። አባቴ የቁስቋም መሪጌታ ነበሩ፤ ልጄ ማኅሌት ይቆማል ሲሉ ሽቦ ሲፈታና ሲቋጥር የሚውል ሰው ሆንኩባቸው። ታናሼ ይርጋ ደግሞ የባሰ አደረገ፤ ከዜማ ቤት ኮብልሎ የጭነት ማኪና ሹፌር ሆነ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲናደዱ፣ «አንዱ ለሽቦ፣ አንዱ ለጎማ!» ይሉን ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ይርጋ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ ሄደ። ሲወጣ ጃኬቱን ሶፋ ላይ ጣለው። «ቆላ ለቆላ ነው የምውለው፣ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ማኪናው አልተገኘም፣ ሬሳ አልተገኘም፣ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም። እናቴ እኔንና ዘመዶቻችንን ሰብስባ፣ «መርዶ ሳይመጣ በዚህ ቤት እንባ እንዳይወድቅ። ልጄን በቁሙ እንዳትቀብሩብኝ» አለችን። እኛም እሺ አልን። እሷ ራሷ በር በር እያየች ሞተች። ለእሷ ድንኳን ተጣለ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ድንኳኑ ሲነሣ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ጃኬቱ ነበርን።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ድሮ ያለ እኛ ቤት መዋያ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያዩኝ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። «እግዜር ያጽናህ» ቢሉኝ ሟርት ነው። «እግዜር ያምጣልህ» እንዳይሉ ዓመቱ ረዘመ። ስለዚህ «እንደምን አደርክ» ብለውኝ ያልፋሉ፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የይርጋን ቁጥር እደውላለሁ። የቴሌዋ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች። ከእሷ ጋር ተለማመድን፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የሴት ድምፅ የእሷ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ናትናኤል መጥቶ ያገኘው።

ናትናኤል ከአዲስ አበባ የመጣ አስተባባሪ ነው። ልጁ መልካም ልጅ ነው፤ ጥፋቱ «ሰላም» እና «ሥነ ምህዳር» የሚሉትን ቃላት እንደ በርበሬ በሁሉም ነገር ላይ መነስነሱ ብቻ ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ሙዚቀኞችን ከአገሬው ዘፋኞች ጋር እያገናኘ ስለ ሰላምና ስለ ምድር የሚዘፈን ሙዚቃ ያስቀዳል። ለእኛ አካባቢ የመረጣት ሰልማን ነው። ሰልማ የካርቱም ልጅ ናት፤ ዑድ የሚሉትን የዐረብ ክራር ትመታለች፣ ትዘፍናለች። አገሯ ሲነድ በመተማ አድርጋ ጎንደር ገባች፤ ፒያሳ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አማርኛዋ ገና ዳዴ ይላል፤ እንግሊዝኛችንን ስናክልበት ግን እንግባባለን።

«መሣሪያህን ይዘህ ደባርቅ ትመጣለህ፣ ሞንታርቦም እንፈልጋለን፤ የመንደሩ ሰው መስማት አለበት» አለኝ ናትናኤል።

የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያለ ጃኬት አይሄድም። የእኔ ጃኬት ዚፑ ተበላሽቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ሶፋው ላይ ያለውን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት አቧራውን ከማራገፍ በቀር ነክቼው አላውቅም ነበር። ለበስኩት። ይርጋ ከእኔ ይረዝማል፤ እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። የናፍጣ ሽታው አልለቀቀም። ደባርቅ እስክንደርስ ድረስ አንገቴን ወደ ኮሌታው ቀብሬ ሄድኩ።

መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ፣ ሰው ቢጮህ በሚሰማበት ርቀት፣ ሌላ መንደር አለ። በሁለቱ መካከል፣ ከታች፣ ጥቁር ውሃ የሚሉት ምንጭ ነበረ። ድሮ ዓመቱን ሙሉ ይፈስ ነበር አሉ። ከበላዩ የነበረው፣ አስታ የሚሉት የደጋ ዛፍ ጫካ ለማገዶና ለከሰል እየተመነጠረ ሲያልቅ ምንጩም ቀጠነ፤ አሁን ክረምት ካለፈ በኋላ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። ጠብታው ላይ ጠብ ተነሣ፣ ጥይት ተተኮሰ። ማንም አልሞተም፤ ከማዶ ግን አንድ ሰው እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንደሮች ለቅሶ አይደራረሱም። የገጠር ሰው የሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰርግ መቅረት ኩርፊያ ነው፤ ለቅሶ መቅረት ግን ከዚህ በኋላ አንተዋወቅም ማለት ነው። ናትናኤል ቦታውን የመረጠው ለዚሁ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ዘፋኝ ሊያመጣ አስቦ፣ ከማዶ ግን እሺ የሚለው ሰው አጣ።

ከወዲህኛው መንደር ያገኘው እትዬ ጥሩሰውን ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዐይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ሙሾ በማውረድ አገር ያውቃቸዋል፤ ለቅሶ ሲኖር ከሩቅ ቀበሌ ድረስ ይጠራሉ። ጠዋት ስንደርስ አንድ በአንድ ሰላም አሉንና እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ከእጅጌው ውስጥ ፈልገው ያዙት።

«ሸጋ ጃኬት ነው። ያንተ ግን አይደለም።»

«የወንድሜ ነው።»

«እሱስ?»

«መንገድ ሄዷል።»

«መቼ ይመጣል?»

በሌላ እጄ ኮሌታውን አስተካከልኩ። እጄን አልለቀቁም፤ ትንሽ አዩኝና ሌላ ሳይጠይቁ ወደ ሰልማ ዞሩ።

ናትናኤል ሐሳቡን ገለጸላቸው። ለምንጩና ለጫካው ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሰልማ በአገሯ የለቅሶ ዜማ ትቀበላቸዋለች፣ ሁለቱ ይዋሐዳሉ። እትዬ ጥሩሰው ሰምተው ሲያበቁ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ምነው ልጄ! ሬሳ ሳይኖር ሙሾ? ሟርት እኮ ነው። ዘፈን ከሆነ ሌላ ልዝፈንልህ።»

ናትናኤል ስለ ሥነ ምህዳር ሊጀምር ሲል ሰልማ ቀደመችው። «እኛ አገር ሴቶች ለሰፈር አለቀሱ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ቤት ተቃጠለ፣ ዛፍ ተቃጠለ። ሰው የት ነው፣ አናውቅም። ለዛፉ አለቀስን።»

እትዬ ጥሩሰው የሰልማን ፊት አዩ። ከዚያ፣ «እንግዲያ በወጉ ይሁን» አሉ። «ዕቃው ይምጣ።»

ዕቃው ያሉት ምን እንደሆነ የገባው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ በትሩ ይወጣና በእሱ ላይ ይለቀሳል። የመንደሩ ሴቶች ወደየቤታቸው ገቡና አሮጌ እንስራቸውን እያዘሉ ወጡ። ጀሪካን ከመጣ፣ ምንጩም ከነጠፈ ወዲህ ሥራ ፈትተው ጥግ ላይ የተቀመጡ እንስራዎች ናቸው፤ አንዳንዱ አፉ ተሸርፏል። አፋፉ ላይ ባለው መስክ ደረደሯቸውና ከበው ቆሙ። እኔ ማይኬን ተከልኩ። ሞንታርቦው ወደ ማይኩ ሲዞር ስላፏጨብኝ አፉን ወደ ገደሉ አዞርኩት። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ግን ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

እትዬ ጥሩሰው ጀመሩ።

«እንስራዬን ይዤ ብመጣ ከደጅህ፣
ዝም ትለኛለህ፣ ወዴት ሄደ ድምፅህ?»

ሴቶቹ «ወይ! ወይ!» እያሉ ተቀበሉ። መጀመሪያ እያፈሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ ፈገግ ይሉ ነበር። ቆይቶ ግን ለቅሶ ለቅሶን ይጠራል፤ እያንዳንዷ የየራሷ ሞት አላት። ደረት መመታት ጀመረ። ሰልማ ዑዷን ትታ በድምፅዋ ብቻ ገባች። እኔ ሄድፎኔን አድርጌ መቅጃው ላይ አጎንብሻለሁ። «ዝም ትለኛለህ» የሚለውን ስሰማ የእሑዷ ሴትዮ ትዝ አለችኝና ጥርሴን ነከስኩ።

ሄድፎኑ ውስጥ ከሌላው የተለየ ድምፅ የመጣው ያኔ ነው። ከሩቅ የሚመጣ፣ ቀጭን ዋይታ። የገደል ማሚቶ መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ ከፍ አደረግኩት፤ ማሚቶ ቢሆን ከእትዬ ጥሩሰው ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር፤ ይህ ግን የራሱ መንገድ አለው። ሄድፎኑን አወለቅኩ።

ከማዶ ሰው እየወረደ ነበር።

ከቤት ከቤት እየወጣ፣ ከገብስ ማሳው ማጭዱን እየጣለ፣ በቀጭኑ መንገድ ላይ ረጅም ሰልፍ ሆኖ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ሴቶቹ ሲያዩት ሙሾው እንደ ተበጠሰ ክር ቀጥ አለ። «መጡብን!» አለች አንዷ። አንድ ጎልማሳ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ምን ሊያመጣ እንደሄደ ለማንም አልጠፋውም። ጠመንጃውን ይዞ ሲመለስ ግን እትዬ ጥሩሰው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ቆይ አንተ! ስማ!»

ሰማን። የሚመጡት እያለቀሱ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

ለካ ሞንታርቦው ሙሾአችንን ገደሉን አሻግሮ በየደጃቸው አድርሶት ኖሯል። ከወዲህ ትልቅ ሰው የሞተ መስሏቸው፣ ያን ሁሉ ቂም ዋጥ አድርገው ለቅሶ ሊደርሱ ተነሥተዋል። ባለ ጠመንጃው ጎልማሳ ጠመንጃውን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እውነቱን እንንገራቸው» አለ ናትናኤል። ፊቱ አመድ መስሏል። «ልምምድ ነው፣ ፕሮጀክት ነው እንበላቸው። ይገባቸዋል።»

«ምኑ ነው የሚገባቸው?» አሉ እትዬ ጥሩሰው። «የእኛን ሬሳ ብቻችንን ስንቀብር፣ የነሱንም ብቻቸውን ሲቀብሩ የኖርን ሰዎች ነን። ዛሬ የአጨዳ ቀናቸውን ጥለው፣ ገደል ወርደው ገደል ወጥተው መጥተው፣ ማን ሞተ ሲሉን 'ማንም አልሞተም፣ ዘፈን ነው' እንበላቸው? በለቅሶ ቀለዱብን ነው የሚሉ። እኔም ብሆን እላለሁ። ይህ ከጥይቱ ይብሳል ልጄ፤ ከእንግዲህ ወዲያ የሚሸመግለንም አይገኝ።»

«ታዲያ የሆነ ስም እንጥራላቸዋ!»

«በለቅሶ ላይ አይዋሽም። የሌለ ሰው ጠርቼ እንዴት ላስለቅሳቸው?»

ከታች፣ መንገዱ ሲታጠፍ ሰዎቹ ይሰወራሉ፤ ድምፃቸው ግን ይቀርባል። እስኪወጡ ድረስ ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። ሁሉም ወደ ታች ያያል። ሰልማ ክንዴን ነካች።

«ስም ነው የሚፈልጉ?» አለችኝ።

«አዎ። የሞተ ሰው ስም።»

«እኔ… ባሌ አለ። ጠፋ። ምናልባት…» አፏን ከፈተች። ስሙ ከንፈሯ ላይ ደርሶ አየሁት። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «አልችልም፣ ኪዳኔ። ካልኩት ይሞታል።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ይሄን ቃል አውቀዋለሁ፤ እናቴ ናት እንዲህ ያለችው፤ እኔም ያን ሁሉ ዓመት በእሱ ኖሬአለሁ። ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም። እንግዳ ነኝ፤ መሣሪያዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ፤ የሚጣሉት እነሱ ናቸው። ደግሞም ይርጋ እኮ ነገ በሩን አንኳኩቶ ቢመጣስ? በቁሙ የቀበረውን ወንድሙን እንዴት ብሎ ይቀበለዋል? ይህን ሁሉ እያሰብኩ እጆቼ ዚፑን ሲከፍቱት አየሁ። ብርዱ ደረቴን መታው። ጃኬቱን እንስራዎቹ ላይ ዘረጋሁት።

«ይርጋ በሉ» አልኩ። «ሹፌር ነው። ሊማሊሞን ወርዶ ቀረ።»

እትዬ ጥሩሰው አጠገቤ መጡ። «ልጄ፣ ከአፍ የወጣ አይመለስም። አስበህበታል?»

«አላሰብኩበትም። በሉልኝ።»

ናትናኤል ሄዶ ሞንታርቦውን አጠፋው። እትዬ ጥሩሰው ነጠላቸውን ዘቀዘቁና ጃኬቱን እጅጌውን ይዘው አነሡት። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከአፋፉ ብቅ ሲሉ እንዲህ አሉ፦

«ሊማሊሞን ወርዶ መሪ የዘወረው፣
ጃኬቱን ቤት ትቶ እሱን ማን አስቀረው?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። የማላውቃት ሴት አንገቴን አቅፋ «ወንድምዬ! ወንድምዬ!» እያለች አለቀሰች። ሁለት ሰዎች እንዳልወድቅ ግራና ቀኝ ያዙኝ፤ አንደኛው ከማዶ፣ አንደኛው ያ ባለ ጠመንጃው ጎልማሳ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። አለቀስኩ። ለእናቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ሰልማ በዐረብኛዋ ታለቅሳለች፤ እትዬ ጥሩሰው ሲያቆሙ እሷ ትቀጥላለች፣ እሷ ስታቆም እትዬ ጥሩሰው ይቀበሏታል። ናትናኤል ጠዋት ሁለቱ ይዋሐዳሉ ያለው ያኔ ሆነ። የማንንም ስም አልጠራችም፤ ግን ለማን እንደምታለቅስ አውቅ ነበር።

ሁሉም ተቀምጦ ንፍሮ መዞር ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ከገደሉ ብቅ አሉ። ባንድ እግራቸውና በሁለት ክራንች ነው የወጡት። የሚዞረው ሰፌድ ቆመ። እግራቸውን ያጡት ሰው እሳቸው ናቸው፤ አያ ደረሰ ይባላሉ።

«ማነው የሞተው?» አሉ እያለከለኩ።

«የዚህ የእንግዳው ወንድም ነው፣ አያ ደረሰ» አሉ እትዬ ጥሩሰው። ለስንት ዓመት ያልጠሩትን ስም ነው የጠሩት። «በጦርነቱ ወጥቶ ቀረ። እስከ ዛሬ አልተለቀሰለትም።»

ሽማግሌው ፊቴ መጥተው ቆሙ። «አላውቀውም ወንድምህን» አሉኝ። «አንተንም አላውቅህም። ግን ከወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ደጄ ተቀምጬ እሰማለሁ። ማን እንደሞተ በሙሾው እለየዋለሁ። አብሮ አደጌ ሲሞት፣ ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ሲሞት ብቻዬን ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ለቅሶው ጆሮዬ ሥር ሆነብኝ። ቀርቦ ተጠራሁ። እንዴት ብዬ ልቅር?»

የቀረበው በሞንታርቦ ነው ልላቸው አልደፈርኩም። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣቸው። ዕርቅ ወረደ እንዳትሉኝ፤ እርስ በርሳቸው ሰላም ያልተባባሉ ሰዎችም ነበሩ፤ ፊታቸውን አዙረው ነው ንፍሮውን የበሉት። ግን ከአንድ ሰፌድ ነው የበሉት። ሲመሽ የማዶዎቹ ወረዱ። እኛም ማኪናችን ውስጥ ገባን። አንድ ሰው ጋቢውን ደርቦልኝ ስለነበር ጃኬቱን ረስቼው መምጣቴን ያወቅኩት ጎንደር ከገባሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳምንት ከሁሉም ከፋብኝ። ሶፋው ባዶ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስልኩን አነሣሁና ቁጥሩን ሳልደውል አስቀመጥኩት። ወንድሜን ገደልኩት ወይስ ቀበርኩት? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፍትሐት ይደረግልኝ አላልኩም፤ ለጎረቤትም ትንፍሽ አላልኩም። ገደል አፋፍ ላይ የማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ያወቁትን ነገር ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች አያውቁም ነበር። ዘፈኑን አጠናቀቅነው። ጃኬቱ ከተዘረጋበት በኋላ ያለውን በሙሉ ቆርጬ አወጣሁት፤ ናትናኤልም አልተከራከረኝም። ሲሰሙት ሰዎች፣ «ያ መጨረሻ ላይ ከሩቅ የሚመጣው ዋይታ በኮምፒውተር ነው የሠራኸው?» ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተም መካከል መርዶ ያልመጣለት ሰው የሚጠብቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህ ዘመን በየሰፈሩ አለ። እኔ ያደረግኩትን አድርጉ አልልም። ሰልማ እስከ ዛሬ የባሏን ስም አልጠራችም፤ ትክክል ናት። ይርጋ ነገ ቢመጣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምወድቀው። ብቻ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ብቻውን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ይዤ ኖርኩ። ከእናቴ የወረስኩት ዝምታ በር ሆኖ ተዘግቶብኝ፣ ሰው አልመጣልኝም ብዬ ሰውን ስወቅስ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ከተማው ከእንግዳ ጭር ባለበት ሰሞን አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ጥሩሰውና አያ ደረሰ ቆመዋል። በአንድ አውቶቡስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የመጡት። ቤቴን ያሳየቻቸው ሰልማ ከኋላቸው ናት።

«ምነው፣ ረሳኸው?» አሉ እትዬ ጥሩሰው። «አርባው እኮ ነው። ለቅሶ ደርሰን አርባውን እንዴት እንቅር?»

አስገባኋቸውና ወንበር አቀረብኩ። አያ ደረሰ ክራንቻቸውን ደገፍ አድርገው ከጭናቸው ላይ አንድ ጥቅል አነሡና ሰጡኝ። ጃኬቱ ነው። ታጥቦ፣ ታጥፎ።

«አፈር ነክቶት ነበር» አሉ። «አፈር የነካውን የሰው ልብስ እንዴት እንመልስ? ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ የምትለዋን አጠራቀምናት። ከእኛ አንድ ጀሪካን፣ ከነሱም አንድ ጀሪካን ወጣ። ከምንጩ በላይ፣ ጫካው ተመልሶ እንዲበቅል፣ ከብት እንዳይገባም እየተነጋገርን ነው፤ ግማሹ ገና እሺ አላለም።»

ኮሌታውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የናፍጣው ሽታ የለም። ከይርጋ የቀረኝ የመጨረሻው ነገር እሱ ነበር። ሊከፋኝ ሲል ግን በምን ውሃ እንደታጠበ አሰብኩ፤ ሁለቱ መንደሮች የተታኮሱበት ውሃ ነው። ጃኬቱን አቅፌ ቀረሁ።

«የሚጠጣ ነገር ላምጣ» አልኩና ጓዳ ገባሁ። ጓዳዬ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው። ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ በላይ አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር። ወጣሁና እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ።

«እንደምን አደርክ» አሉኝ እንደ ልማዳቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ብርጭቆ ያውሱኝ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው።»

«አንተ ቤት? የምን እንግዳ?»

«የይርጋ አርባ ነው» አልኳቸው። «ወንድሜ ሞቷል።»

ብርጭቆዎቹን እያወጡ ነበር። አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ከችንካሩ አወረዱ፣ ዘቀዘቁት፣ ቀድመውኝም ወደ ቤቴ ገቡ።